ኔትወርክ ያለበት ዛፍ

ኢንስፔክተር ታንጉት ማንኪራ ወደምትባለው የገጠር ቀበሌ ስትደርስ ጋሽ ደጉን ገና እየደበደቧቸው ነበር። በራሳቸው የንብ ቀፎ ገመድ የፊጥኝ ታስረው ጭቃው ላይ ተንበርክከዋል። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ በነጭ ጋቢያቸው ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሚሊሻ ጀርባቸውን ሊደግማቸው የጠመንጃውን ሰደፍ ሲያነሣ ኢንስፔክተሯ ከመኪናው ዘላ ወርዳ ክንዱን ያዘችው።

«አንድ ሬሳ ይበቃናል» አለችው። «ወይስ አንተ ሁለተኛውን ልትጨምርልኝ ነው?»

«ጉዳዩ ግልጽ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር!»

ታንጉት ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ደግሞ ከቁመቷም ያጠረ ሴት ናት። ቦንጋ ከተመደበች ጀምሮ እንደ «ጉዳዩ ግልጽ ነው» የሚያናድዳት አነጋገር የለም። ሚሊሻውን ትታ ወደ ሬሳው ሄደች።

ሟቹ ልዑልቃል የሚባል የቦንጋ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ ከጓደኛው ከኢያሱ ጋር ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የመልእክት መለዋወጫ አፕ ይሠራ ነበር፤ የአምቡላንስ ጥሪም በእሱ ይላካል፣ ለሁለቱም ስልክ ጭምር ይደርሳል። መልእክቱ በኢሜይል መንገድ ስለሚሄድ ለደካማ ኔትወርክ ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ምን ዋጋ አለው፣ ዘመኑ ኢንተርኔት ለሳምንታት የሚዘጋበት፣ መብራት ሲጠፋም የኔትወርክ ታወሩ አብሮ የሚሞትበት ነበር። አሁን ልዑልቃል ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሶ ፀጉሩ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል። አጠገቡ ደም የነካው ወፍራም ፍልጥ ወድቋል።

ከእሷ ጋር ከቦንጋ የመጣው ኢያሱ ስልኩን ዘረጋላት።

«ይኸው ያልኩዎት መልእክት። ከምሳ በኋላ፣ መብራት እንደመጣ ነው የገባልኝ። ቢሮ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል።»

እንዲህ ይላል፦ «ጋሽ ደጉ ገጀራ ይዞ እየመጣብኝ ነው። ድረስልኝ።»

«ምክንያትም አላቸው» አለ ሚሊሻው። «ልጃቸው ምሥራቅ በወሊድ ስትሞት አምቡላንስ ተጠርቶ አልመጣም። ‹ልጄን የገደሏት እነዚህ የስልክ ልጆች ናቸው› ብለው በአገር ፊት ምለዋል።»

ታንጉት ከጋሽ ደጉ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የምሥራቅ አርባ ነው። አገር ሁሉ እዚያ ነበር፤ ነርሷ አብርሆትም አጠገቤ ነበረች። ዝናቡ ሲያባራ ቀፎዬን ልይ ብዬ መጣሁ። ልጁ ወድቋል። ራሱን ቀና አደረግሁና ጮህኩ። ከዚያ እነዚህ መጡ።» ደም ተፉ። አንድ ጥርስም አብሮ ወጣ።

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን አስነሣች። ዝናቡ እኩለ ቀን ላይ ክፉኛ ወርዶ ስለነበር በዛፉ ዙሪያ ያለው ሁሉ ጭቃ ነው። ልዑልቃል የተኛበት ቅጠል ግን ደረቅ ነበር። በእጇ ዳሰሰችው፤ በእግሯም ገፋ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ዐይኗ ግንዱ ላይ የተቋጠረ ገመድ አየ። ገመዱን ተከትላ ቀና ስትል ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ቅርጫት ተንጠልጥላለች። ስታወርዳት የሟቹ ስልክ ውስጧ ተቀምጧል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከተሰበሰበው ሰው መካከል የጤና ጣቢያዋ ነርስ አብርሆት መለሰች። «ኔትወርክ ያለው ላይ ነው፣ ኢንስፔክተር። መሬት ላይ ምንም የለም። ጽፈን እንደ ቀፎ እንሰቅለዋለን፤ ትንሽ ቆይተን እናወርደዋለን። እዚህ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

ታንጉት ወደ ኢያሱ ዞረች። «ጠዋት የተጻፈ መልእክት ከሰዓት በኋላ ሊደርስህ ይችላል?»

«በፍጹም! በእኛ አፕ ኔትወርክ ከሌለ መልእክቱ ወጥቶ አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል። ልናስተካክለው አስበን ነበር፤ ገና አልጀመርነውም።»

«አንተስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ብቻዬን ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ አብርሆትን ክንዷን ይዛ ፈንጠር አደረገቻት።

«ልዑልቃልን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ ጤና ጣቢያ መጣና በሚሞሪ ያመጣውን አዲሱን አፕ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ‹ከእንግዲህ ኔትወርክ ቢቋረጥም መልእክትሽን ይዞ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ራሱ ይልከዋል› አለኝ። ለኢያሱም ስልኩ ላይ ጭኖለታል። ፊቱ ግን ልክ አልነበረም። ‹ነገ ከተዝካሩ በኋላ ለጋሽ ደጉ የምነግራቸው ነገር አለ› ብሎኝ ሄደ።»

«ምን እንደሆነ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም።»

ታንጉት ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው። የጋሽ ደጉንም ገመድ አስፈታች። ሚሊሻው ሊቃወም አፉን ሲከፍት ዐየችውና መልሶ ዘጋው።

«ስሙኝ» አለች። «ከሬሳው ሥር ያለው ቅጠል ደረቅ ነው። ስለዚህ ልዑልቃል ከዝናቡ በፊት ሞቷል። ከዝናቡ በፊት ደግሞ ጋሽ ደጉ ከአገሩ ሰው ጋር ተዝካር ላይ ነበሩ። መልእክቱ የገባው ከዝናቡ በኋላ ነው። የሞተ ሰው አይጽፍም።»

«ሊመቱት ሲመጡ ጽፎት ይሆናላ!» አለ ኢያሱ።

«ገጀራ የያዘ ሰው ሲመጣበት መልእክት ጽፎ፣ ስልኩን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ፣ ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ ገመዱን ቋጥሮ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞም ገጀራ ይቆርጣል፤ ይኼ ልጅ በፍልጥ ነው የተፈረከሰው። መልእክቱን የጻፈው ጊዜ የነበረው ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ታወሩ እንደሞተ ያውቃል። ስልኩን ከሰቀለው፣ ታወሩ ሲነሣ አፑ ራሱ እንደሚልክለትም ያውቃል። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። አብርሆት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሦስተኛው ‹ገና አልጀመርነውም› ብሎ ዋሸኝ።»

ዐይን ሁሉ ወደ ኢያሱ ዞረ።

«ለምን እገድለዋለሁ? ጓደኛዬ እኮ ነው!»

«እሱን እስካሁን አላወቅሁም» አለች ታንጉት። «ስልክህን ስጠኝ። አብርሆት፣ ያንቺንም። አዲሱ አፕ ይዞ የሚጠብቀው ምን ምን እንደሆነ እንይ።»

ኢያሱ ስልኩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ሚሊሻው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ነጠቀው። ሁለቱም ስልኮች ቅርጫት ውስጥ ገቡ። ጋሽ ደጉ ገመዱን አንሥተው፣ እጃቸው እየደማ፣ ቀፎ ሲሰቅሉ እንደኖሩት ወደ ላይ ሳቡት። ጥቂት ቆዩ። ከዛፉ ላይ አንድ ቀጭን የስልክ ድምፅ ተሰማ።

ታንጉት ቅርጫቷን አስወርዳ የኢያሱን ስልክ አነሣችና ጮክ ብላ አነበበች። «ከአብርሆት፣ ለአምቡላንስ አስተባባሪዎች። ምሥራቅ ደጉ፣ ወላድ። ደሟ አልቆም ብሏል። አምቡላንስ አሁኑኑ ላኩ።»

አብርሆት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ያን ቀን የላክሁት ነው! ደርሷል ብሎ ራይት አሳይቶኛል፤ እዚህ ዛፍ ላይ ሰቅዬ ሳወርደው ራይቱ ነበር!»

«አልደረሰም ነበር» አለች ታንጉት በዝግታ። «እስካሁን ስልክሽ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አሁን የላከው አዲሱ አፕ ነው።» ወደ ኢያሱ ዞረች። «ራይቱን እዚያ ያደረገው ማነው?»

ኢያሱ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ኃላፊዎች ሊጎበኙን ሲመጡ እንዲያምር ብዬ ነው... መልእክቱ ባይሄድም የመላኪያው ቁልፍ እንደተነካ ራይት እንዲታይ አደረግሁት። ለጊዜው ብዬ ነበር። ልዑልቃል ደረሰበት። ዛሬ ጠዋት እዚህ ድረስ ተከትዬው መጥቼ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ‹ለጋሽ ደጉ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ዞር ሲል...»

አልጨረሰም። ጋሽ ደጉ ተወርውረው ጉሮሮውን ያዙት። ሁለቱም ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ሽማግሌው ጭንቅላቱን ከዛፉ ሥር ጋር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አላተሙት። የኢያሱ ዐይን ተገለበጠ። ሚሊሻውና ኢንስፔክተሯ ተረባርበው ቢጎትቷቸውም ጣታቸው አልላቀቅ አለ።

«ጋሼ!» አብርሆት እያለቀሰች አጠገባቸው ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ይልቀቁት!»

ጋሽ ደጉ ጉሮሮውን እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ። «አምቡላንሱ እየመጣ ነው አልሻት ልጄን?»

«አዎ። ራይቱን አሳየኋት።»

«አየችው?»

«አየችው። ‹አባባ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃቸው› አለችኝ።»

እሳቸውም ያን ቀን መንገድ ላይ ወጥተው ጠብቀው ነበር። ጣቶቻቸው ቀስ በቀስ ላሉ። ኢያሱ በደረቱ ተደፍቶ እያሳለ ሲተፋ ሚሊሻው እጁን አሰረው፤ ያሰረበትም ያው የቀፎ ገመድ ነበር።

ጋሽ ደጉ እየተጎተቱ ወደ ልዑልቃል ሄዱ። ደም የነካውን ጋቢ ከትከሻቸው ላይ አውልቀው ከራሱ እስከ እግሩ አለበሱትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ይኼ ልጅ ሊነግረኝ ነበር የመጣው» አሉ።