ያልተቆለፈው ኮት

ይታየሽ የወንድሟን ኮት ጠቅልላ የገብሱ ጎታ ውስጥ ስትቀብረው እጇ እስከ ክርኗ ሰመጠ። አጎቷ ደሞዝ ምንሽር ጠመንጃውን ተደግፎ በሩን ይጠብቅላታል።

«ጠልቆ ይግባ! ዛሬስ እንደ ወንድ ይለብሳል።»

ወንድሟ ወርቅአገኘሁ በሰቆጣ ክሊኒክ ቁስል ያጥባል። ደሴ ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ ከግራጫው ሙሉ ልብስ ተለይቶ አያውቅም። በከተማው ኮት የሚለብስ ሰው አልጠፋም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ይለብሳሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ከላይ ኩታ ወይም ጋቢ ይደርባሉ። ወርቅአገኘሁ ብቻ ምንም ሳይደርብ፣ ቁልፎቹንም ሳይቆልፍ፣ በዚያ ብርድ ደረቱን ገልጦ ይሄዳል።

አባታቸው በእርሻ ድንበር ጠብ በምንዋጋው ጥይት ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ምንዋጋው ደሴ ከተማ ታስሯል፤ ታላቅ ወንድሙ ተስፋው ግን እዚሁ ገበያው ዳር ጨው ይሸጣል። የሟች ልጅ በገዳዩ ወንድም ደጅ ክራቫት አስሮ ሲያልፍ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። ትምህርት ቤትም ጥሩሐረግ የምትባል ልጅ «ወንድምሽ የአባቱን ደም በጫማ ቀለም ለወጠው እንዴ?» ብላ ይታየሽን አስለቅሳታለች። ስለዚህ አጎቷ «ደብቂው» ሲላት እምቢ አላለችም።

ወርቅአገኘሁ ቤቱን አተራምሶ ኮቱን አጣው።

«በሸሚዝ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ውርጭ? ሳንባህን ልትጨርሰው ነው?» አለች እናቱ ወለተ ሰንበት፤ የሟቹንም ጋቢ ትከሻው ላይ ጣለችበት። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ የእናቱን ዓይን አይቶ ዘጋው።

ይታየሽ ደብተሯን ይዛ ከኋላው ተከተለች። ቁርጥ አባቷን መሰላት፤ ኮራችም።

ተስፋው ደጁ ላይ አሞሌ ጨው ይደረድር ነበር። ቀና ሲል ጋቢውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ወርቅአገኘሁ እንደ ወትሮው ሰላም ሊለው ቆመ። ለታላቅ ሰው ጋቢን ከትከሻ ዝቅ አድርጎ እጅ መንሣት የአገሩ ወግ ነውና እጁን ከውስጥ አንቀሳቀሰ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ተስ—»

አልጨረሰውም። የተስፋው የመጀመሪያ ዱላ ግንባሩን ፈነከተው፤ ሁለተኛው የትከሻውን አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ሰበረው። በጉልበቱ ወደቀ፤ ነጩ ጨው ላይ ደም ተረጨ።

«ልትገድለኝ ነው! ቀደምኩህ! ቀደምኩህ!» እያለ ተስፋው የወደቀውን ሰው ጎኑን ይወግረዋል። ይታየሽ ዘላ ክንዱን ነከሰችው፤ በክርኑ አፏን ሲመታት ጥርሷ ተነቃነቀ። ያን ጊዜ ገበያተኛው ደረሰ፤ ተስፋውንም አንቆ ጣለው፤ አንዱ ደረቱን፣ ሌላው ፊቱን ረገጠው።

ጋቢው ተገልጦ ነበር። ከሥሩ ከሸሚዝና ከሱሪ በቀር ምንም የለም። ተስፋው በመሬት ላይ እየተሳበ፣ በደም የራሰውን ጋቢ ጎትቶ ዳበሰው።

«ሽጉጡስ?» አለ። «ሽጉጡ የታለ?»

ፖሊሶች የኋሊት አስረው ወሰዱት።

ከቀትር በኋላ ወርቅአገኘሁ ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ክንዱ ከአንገቱ ታስሮ በሚሠራበት ክሊኒክ ተጋደመ። ደሞዝ ምንሽሩን እንደያዘ ገባ።

«እንግዲህ ያንተም ደም ፈሰሰ። ምን ቀረህ?»

«ኮቴ ቀረኝ» አለ ወርቅአገኘሁ። «ጣቢያ ሄጄ፣ የመታኝ ፈርቶ ነው እላለሁ። አለዚያ እናንተና ዘመዶቹ ልትተላለቁ ነው።»

«ታዲያ በጋቢ አትሄድም? ያ ዳሌ የሚያሳይ ልብስ ምን ያደርግልሃል?»

«ከሰሃላ ለገበያ የመጡ ዘመዶቹ ጣቢያው ደጅ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል አሉ። በጋቢ ብሄድ ተስፋው ያየውን ያያሉ። ኮቱን ሳልቆልፍ የምሄደው ለምን ይመስልዎታል፣ አጎቴ? ምንም እንዳልያዝሁ እንዲያዩ ነው።» ከዚያ ወደ እኅቱ ዞረ። «ይታየሽ፣ እስቲ ደግመሽ ፈልጊልኝ።»

ይታየሽ ምራቋን ዋጠች፤ ደም ደም አላት።

ደሞዝ እስከ ቤት ተከትሏት ጎታውን በጀርባው ጋረደ።

«ተሰርቋል በይው። ካወጣሽው ከእንግዲህ አጎት አለኝ እንዳትይ።»

«አጎቴ፣ ይለፉኝ።»

በጥፊ አጮላት። ከወደቀችበት ተነሥታ ከጎኑ ተሽሎክሉካ እጇን ገብሱ ውስጥ ከተተች። ደሞዝ ለሁለተኛ ጊዜ እጁን ሰነዘረ፤ ወለተ ሰንበት ግን የተሰነዘረውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው፤ አልለቀቀችውምም።

ይታየሽ ክሊኒክ ደርሳ ኮቱን በወንድሟ ትከሻ ላይ በጥንቃቄ ስታደርግለት ከኪሱ ገብስ ተንጠባጠበ። ወርቅአገኘሁ ወለሉ ላይ የተበተነውን ገብስ አየ፤ ቀጥሎም እሷን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወርቅአገኘሁ ደህነኛውን እጁን ዘረጋላትና ደግፋ አስነሣችው።

ደጁ ላይ ብርዱ ተቀበላቸው። ይታየሽ እጇ ወደ ኮቱ ቁልፎች ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ባዶ እጆቿንም ከጎኗ ዘርግታ፣ ከወንድሟ ፊት ፊት ወደ ጣቢያው መንገድ ገባች።