የሐሴት አክስት

ትርሲት ልጇን ከማጉረሷ በፊት ስልኳን ትደግናለች። በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠዋት ጠዋት የወተት ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ የታች ጎረቤት ሬዲዮም በወለሉ በኩል ሲያጉረመርም፣ ገንፎው እስኪበርድ ድረስ ቀረጻ ነው። የአራት ዓመቷ ሐሴት አታማርርም፤ ለምዳዋለች። ከሠላሳ ሺህ ተከታታዮቿ ሁሉ ቀድማ አስተያየት የምትጽፈው ፎቶ የሌላት፣ ራሷን «አክስት» ብላ የሰየመች አንዲት ሴት ናት። ማን እንደሆነች ትርሲት አታውቅም፤ ማወቁስ ምን ያደርግላታል? ታማኝ ተከታታይ ናት። እንዲያውም ሐሴት ቪዲዮውን ስትጨርስ እጇን እያውለበለበች «ቻው አክስቴ» እንድትል አስተማረቻት። ሰው በሳቅ ሞተ።

አንድ ማክሰኞ አክስት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ቀይ ጫማዋ ጠቧታል። ስትሮጥ ታነክሳለች።»

ትርሲት ልጅቷን በዚያ ጫማ ቁጭ ብላ እንጂ ስትሮጥ ቀርጻት አታውቅም። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅላት ተረከዟ ተልጦ ደም ቋጥሯል። አፈረች። ለአስተያየቱም የልብ ምልክት ሰጠች።

በሳምንቱ መብራት በጠፋበት ቀን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥታት እርጥብ ሲሚንቶ የሚሸተውን ጨለማ ደረጃ አዝላት ስትወጣ፣ ከጀርባዋ፣ ከልጅቷ ፀጉር፣ አደስ የገባበት ቅቤ ሸተታት። በእነሱ ቤት ፀጉሩን ቅቤ የሚቀባ ሰው የለም።

«ማን ቀባሽ?»

«አክስቴ። ትምህርት ቤት፣ በአጥሩ ቀዳዳ።»

ደነገጠች፤ ግን ለአፍታ ብቻ። የልጅ ወሬ ነው ብላ ራሷን አጽናናችና፣ ይቅር ይበላት፣ ቤት እንደገቡ ልጅቷን መስኮቱ አጠገብ አቆመቻት። «እስቲ ድገሚው ማሬ፣ ወደዚህ እያየሽ።»

በማግስቱ ሐሴትን አድርሳ ተመለሰችና ቪዲዮውን ለቀቀችው። ስምንት ሰዓት ገደማ ከአክስት ሁለት ቃል መጣ፦ «ወለተ ሐና።»

ትርሲት ደግማ አነበበችው። የሐሴት የክርስትና ስም ነው። የክርስትና እናቷ ባዕድ ጆሮ እንዳይሰማው ስላስጠነቀቀቻት ለጎረቤት እንኳ ተናግራው አታውቅም። ማንም የማያውቀው ስለሆነም ለመዋዕለ ሕፃናቱ በምስጢር ቃልነት የሰጠችው እሱኑ ነበር፤ ይህን ስም ያልተናገረ ሰው ልጅቷን አይወስድም። መምህርቷ ብልሃቷን አድንቃላት ነበር።

የአራት ዓመት ቪዲዮ ወደ ኋላ ገፋች፤ ልደቱን፣ ጥርስ ማብቀሉን፣ ገላ መታጠቡን፣ እስከ ሰማንያኛው ቀን ድረስ። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ከዚያም የቄሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ስሙን ይጠራል። ራሷ ናት የለቀቀችው። መዋዕለ ሕፃናቱ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። በነጠላ ጫማ ሮጠች።

ግቢው ጭር ብሏል። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ሰው እንደወረደበት ሁሉ ገና ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አየሩ አደስ አደስ ይሸታል። መምህርቷ ከክፍል ፈገግ ብላ ወጣች።

«ምነው በሰላም? አክስቷ አሁን ወሰደቻት እኮ። ስሙንም ነግራናለች።»

«አክስት የላትም!»

«ኧረ ልጅቷ ራሷ ናት ሮጣ የተጠመጠመችባት!» አለች መምህርቷ፤ ፈገግታዋ ግን ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

ሰፈሩን ሁሉ ዞረው አጥተዋት ሲመለሱ፣ ስልኩ በትርሲት መዳፍ ውስጥ ነዘረ። አክስት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪዲዮ ለቃለች። መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ነው፤ ሐሴት ፀጉሯ በቅቤ ወዝቶ፣ ሰፋ ያለ አዲስ ጫማ ተጫምታ ገንፎ ትጎርሳለች። ከስልኩ ጀርባ አንድ ለስላሳ ድምፅ «በይ፣ ተሰናበቻት» አለ።

ሐሴትም እናቷ እንዳስተማረቻት ካሜራውን ትክ ብላ አይታ፣ እጇን አውለበለበችና «ቻው አክስቴ» አለች።