አንድ ጣት ያጠረ ወረቀት

ጋሽ አክሊል ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለችው ኮፒ ቤታቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የአይጥ መርዝ የተጨመረበት የሻይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ሥር ደግሞ በኮምፒውተር የተጻፈና የሱቁ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነበር። «ኑሮ በቃኝ። በሞቴ የማንም እጅ የለበትም» ይላል። ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ለሰፈሩ ሁሉ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ሁለት መስመር ብቻ!

ምክትል ኢንስፔክተር ባዩሽ ወረቀቱን ስታይ የሟች ልጅ ጽጌረዳ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ አባቴ ራሱን አላጠፋም! ቄሱ ‹ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም› አሉኝ። አባቴን ያለ ፍትሐት እንዴት ልቅበረው?»

ባዩሽ እጇን ዘረጋችላት። የራሷን አባት ከቀበረች ዓመት አልሞላትም። «ተነሺ የኔ እናት» አለቻት። «አስከሬኑ ከምርመራ ነገ ነው የሚመለሰው። እስከዚያ ጊዜ ስጪኝ።»

ሱቁ የተገኘው ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ከሟች ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በጽጌረዳ፣ በጎረቤታቸው ባለሱቅ በሸፊና በታናሽ ወንድማቸው በዓምሃ። ባዩሽ መጀመሪያ ሸፊን ጠየቀችው።

«ከጋሽ አክሊል ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«በወረቀት ብቻ!» አለ ሸፊ፣ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ። «ዓምሃ የሚሠራበት የውጭ ድርጅት ሲዘጋ የተረፈውን፣ መጠኑ ለየት ያለ የአሜሪካ ወረቀት በካርቶን አመጣላቸው። ‹ነፃ እኮ ነው፣ ይውሰዱት› ብላቸው ሊበሉኝ! ‹ኤ-ፎርን ለሁለት እጠፈው፤ መልኩ ያው ነው። ደግመህ እጠፈው፤ ያው ነው። ኮፒ ሳሳንሰውም ሳሳድገውም ምንም አይቆረጥብኝ። ይሄ ግን ሲታጠፍ ሌላ ፍጡር ነው የሚሆነው› አሉና ካርቶኑን ከደጅ አስመለሱት። እኔን ደግሞ ግማሽ ቀን ወረቀት ሲያሳጥፉኝ ዋሉ።»

ባዩሽ የተገኘውን ወረቀት በሱቁ ወረቀት ላይ ደረበችው። በቁመቱ አንድ ጣት ያጥራል፤ በጎኑ ጥቂት ይሰፋል። መደርደሪያውን፣ ቅርጫቱን፣ ፕሪንተሩን ፈተሸች፤ እንዲህ ያለ አንድም ወረቀት የለም።

ዓምሃ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «የአባታችንን ቦታ እንሽጥ ብዬው እምቢ አለኝ፤ ቢሆንም ወንድሜ ነው። እዚሁ ተቀምጦ ጽፎ... በቃ፣ ምን ይደረጋል።»

ባዩሽ ሦስቱንም ጠርታ «የእጅ ጽሑፋችሁን ማየት እፈልጋለሁ። ትናንት የት እንደዋላችሁ ቤታችሁ ጻፉና ጠዋት አምጡልኝ» አለች።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቄሱም መጡ።

«የጽጌረዳ ኤ-ፎር ነው» አለች ባዩሽ። «የሸፊ የደብተር ቅጠል። የዓምሃ ግን...» ከሟች ወረቀት ላይ ደረበችው። ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ።

«ወረቀት ወረቀት ነው!» አለ ዓምሃ፣ ላብ አጥምቆት።

«ወንድምዎ እንዲህ አይሉም ነበር። አምስት እሽግ ኤ-ፎር አጠገባቸው እያለ፣ ከደጅ የመለሱትን ወረቀት ለሞታቸው ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ እዚህ አልተጻፈም፤ ተጽፎ መጣ፤ እዚህ ማህተም ብቻ ተመታበት። እዚሁ ተቀምጦ ጻፈ ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ባልደረቦቼ ጠዋት ቤትዎን ፈትሸዋል፤ ካርቶኑም አለ፣ ጽሑፉም ኮምፒውተርዎ ውስጥ አለ።»

የናቁት ያደርጋል ራቁት ይሉ የለ? ዓምሃ ዕድሜውን ሙሉ ወንድሙ ሲነግሩት የሳቀበት ወረቀት ጉዱን አወጣው። እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ።

«‹ቦታውን ስሞት ትሸጠዋለህ› አለኝ» አለ። «እየሳቀ ነው ያለኝ።»

ጽጌረዳ ጠጋ አለችው። «አጎቴ፣ ሻዩን ስትሰጠው ምን አለህ?»

«‹ተባረክ፣ ስኳር ማብዛቱን አልረሳህም› አለኝ።»

ሸፊ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ፖሊሶች ዓምሃን ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ቄሱ ወደ ጽጌረዳ ዞሩ። «ልጄ፣ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ጻፊልኝ።»

ጽጌረዳ አንድ ኤ-ፎር አወጣች። አባቷ እንዳስተማሯት ለሁለት አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ በእጥፋቱ ቀደደችና በትንሿ ቁራጭ ላይ «ወልደ ሚካኤል» ብላ ጻፈች። የተረፈውን ወረቀት አባቷ ያደርጉት እንደነበረው አስተካክላ መሳቢያው ውስጥ መለሰችው።