በማናፓድ ገደል ሥር

የቬላዩታምን ሬሳ ያገኙት ጎህ ሲቀድ መረባቸውን ይዘው የወጡ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በማናፓድ ገደል ሥር፣ ማዕበሉ በሚመላለስበት ድንጋይ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር ታንጋፑሽፓም ጫማዋን አውልቃ ወደ ድንጋዩ ተሻገረችና የሟቹን እጆች አየች። ከጥፍሮቹ ሥር የገደሉ አፋፍ አሸዋ ገብቷል። በገዛ ፈቃዱ የዘለለ ሰው መሬት አይቧጥጥም ስትል አሰበች።

ሟቹ ከቤተሰቡ ጋር በኪራይ መኪና የአውራጃውን ቅዱሳት ቦታዎች ሲሳለም የሰነበተ የጨው አምራች ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ በማናፓድ ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ቆሙ፤ እዚያም ተበታተኑ። ቬላዩታም ወደ መኪናው ስላልተመለሰ ያለ እሱ ወደ ቲሩቼንዱር ቤተ መቅደስ ሄዱ። ማንም አልተጨነቀም፤ ሲቆጣ ጥሎ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ መሄድ ልማዱ ነበር።

ታንጋፑሽፓም በቲሩቼንዱር የተሳላሚዎች ማረፊያ ስትደርስ ሚስቱ ኢሳኪያማል ከበረንዳው ምሰሶ ሥር ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ማን ገደለው ብላም አልጠየቀችም።

«ልጅ አልወለድንም» አለች። «የሬሳ ማቃጠያውን እሳት የሚለኩስለት ከወንድሙ ከሱዳላይሙቱ በቀር የአባቱ ወገን የለውም። ዛሬውኑ ስጡኝ፤ በዚህ ሙቀት ሬሳ አያድርም። ባሌ በባዳ እጅ እንዳይቃጠልብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከመምሸቱ በፊት ሬሳውን እንደምታስረክብ ቃል ገባች። ወዲያው የበላይዋ ደወለ። ሟቹ ሲሰድበው የከረመው ሹፌሩ ነው፤ ወደዚያ መንደር የወሰዳቸውም እሱ ነው፤ እስከ ማታ አስረሽ አምጪው አላት።

ሹፌሩ ሮዛሪዮ የማናፓድ ልጅ ነበር። እናቱን ካየ ስለቆየ መንገዱን ያጠመዘዘው እሱ መሆኑን አልካደም። ሌሎቹ ኮረብታው ላይ ሳሉ እናቱ ቤት ዓሣ ሲበላ ነበር። ለዚህ ምስክሩ እናቱ ብቻ ናት።

«ሟቹ ይሰድብህ ነበር አሉ» አለችው።

«የማይሰድበው ማን አለ፣ እመቤቴ? ዳገት ስወጣ ተኛህ፣ ቁልቁለት ስወርድ ልትገድለኝ ነው ይለኛል። ሰው በስድብ ከገደል የሚጣል ቢሆን፣ እኛ ሹፌሮች አንድ ተሳፋሪ አይተርፈንም ነበር።»

ይህን ካለ በኋላ የተናገረውን ልብ አለና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ቀጥላ የኢሳኪያማልን ወንድም ማዳሳሚን አነጋገረች። ይህ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖም ምላሱ አያርፍም። ከእህቱ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንደነበሩ፣ እሱም ስለ ጉልበቱ ሕመም ለማርያም ሻማ እንዳበራ ነገራት።

«ሁሉም ደጅ ይጠናል» አለ። «ማን እንደሚከፍት አይታወቅም።»

«ሱዳላይሙቱስ?»

«ታች ኮረብታው ሥር ካለው የዋሻ ምንጭ ውሃ ስጠጣ ነበር አለን። ማታ ግን ሳቅሁበት። ለሴት ልጁ ትዳር ተስሎ፣ ያን ሁሉ ቀን ጾሞ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ሊሰጥ መጥቶ፣ ከነጎፈሬው ተመለሰ። ሆዴን አመመኝ ብሎ ከቤተ መቅደሱ ደጅ ቀረ። እኔና እህቴ ገባን።»

«ደጅ ተቀምጦ ምን ያደርግ ነበር?»

«ምንም። እዚህ እንደደረስን ከነሸሚዙ ቤተ መቅደሱ ሥር ካለው ባሕር ውስጥ ተነከረ፤ ከዚያ ውሃው እየተንጠባጠበ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።»

ታንጋፑሽፓም መጻፍ አቆመች። ትንሽ ቆይታ ሱዳላይሙቱን ጠራችው። ሆዱን ታሞ ለምን ባሕር እንደገባ ስትጠይቀው ሙቀቱን አሳበበ። ሲናገር አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ወደ ቤተ መቅደሱ ግንብ አላየም። ሌላ አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሮዛሪዮ ከሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ቬላዩታም ተገፍቷል» አለች። «አፋፉን ለመያዝ ታግሏል። ትናንት ግን ከገፋው ሰው በቀር መሞቱን የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ኢሳኪያማል፣ የአባት ወገን ሲሞት ምን ይደረጋል?»

«ከነልብስ መታጠብ ነው» አለች ኢሳኪያማል። «ከዚያ ወዲያ ሐዘኑ እስኪወጣ ቤተ መቅደስ አይረገጥም።»

«ባል ሲሞትስ?»

«ሚስትም እንደዚያው።»

«እርስዎ ግን ትናንት ጸጉርዎ ላይ አበባ ሰክተው ገብተዋል፤ አላወቁም ነበር። ማዳሳሚም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከእርስዎ አልተለየም። ሮዛሪዮ ክርስቲያን ስለሆነ ይህ ሥርዓት አይመለከተውም፤ ስለ እሱ የሚነግረኝ ነገር የለም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ግን ከነሸሚዙ ታጠበ፤ ስንት ቀን የጾመለትን አምላክ ሳያይ ደጅ ቀረ።» ወደ ሱዳላይሙቱ ዞረች። «የወንድምዎ ሬሳ የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። እርስዎ ትናንት ማታ ሐዘን ተቀምጠዋል።»

ማዳሳሚ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ ችሎት ፊት ያስኬዳል?»

«አያስኬድም» አለች ታንጋፑሽፓም። «እኔ ሌላ ማስረጃ የለኝም። አልገደልኩም ካሉ ሮዛሪዮን ይዤ እሄዳለሁ፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው።»

ሮዛሪዮ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልይ ነበር።

«ሰውን መዋሸት አላቃተኝም» አለ ሱዳላይሙቱ በመጨረሻ። «ወደ አምላኬ ግን በወንድሜ ሞት ረክሼ መግባት አቃተኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ያለ ታላቅ ወንድሙ ፈቃድ ልጁን መዳር አይችልም። ገደሉ ላይ እግሩን ይዞ ለመነው። ቬላዩታም የሙሽራውን ቤተሰብ አስቀድሜ መልሻቸዋለሁ ብሎ ሳቀ።

«በእጄ ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ወንድም ጋሼ አፋፉን ቧጥጦ ያዘ፤ እኔም ልይዘው ተንበረከክሁ፤ አልደረስሁም።» ወደ እጆቹ አየ። «አሁን ለልጄ ማን ይመጣል?»

ሮዛሪዮን ለቀቁት፤ እሱ ግን የሚሄድበት የጠፋው ይመስል እዚያው ቆመ። ፖሊሶቹ የሱዳላይሙቱን ሁለት እጅ በካቴና አሰሩ።

ኢሳኪያማል ምሰሶውን ተደግፋ ተነሣች። ወደ ወንድሟ ዞረች። ማዳሳሚ፣ ያ ሁሉ ወሬ ያለው ሰው፣ አንገቱን ደፋ። የእናት ልጇ ቢሆንም ለባሏ ባዳ ነው። ፀሐዩ ወደ መግቢያው አዘንብሏል፤ ሬሳውም ከሆስፒታል ወጥቶ አምቡላንስ ውስጥ ይጠብቃል።

«ሌላ ሰው የለንም?» አለች፤ የጠየቀችው ማንን እንደሆነ አልታወቀም።

ታንጋፑሽፓም አጥፊውን አግኝታለች፤ ለዚች ሴት እሳቱን የሚለኩስ እጅ ግን የላትም።

ኢሳኪያማል የባሏን ገዳይ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ቀኝ እጁን ይፍቱለት» አለች።

ኢንስፔክተሯ ቁልፉን ከኪሷ ለማውጣት ብዙ ተቸገረች።