ማሽኑ ፈተና ላይ ነው

ናሆም ሽበሺ ሞቶ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ነው። ላየው ሰው የደከመው ልጅ ሸለብ ያደረገው ይመስል ነበር። ከፊቱ ያለው ኮምፒውተር ግን አልጠፋም። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወርዳል። አባቱ አቶ ሽበሺ ጮኸው ሲወጡ የባህል አዳራሽ ሰፈር ሰው ግቢውን ሞላው።

ሐኪሙ ምክንያቱን ሲናገር ሐዘኑ ላይ ጥርጣሬ ተጨመረበት። ናሆም የሞተው በጀነሬተር ጭስ ታፍኖ ነው። ጀነሬተሩ ደግሞ የተገኘው ከክፍሉ ርቆ፣ አጥሩ ጥግ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ። ከዚያ የሚወጣ ጭስ ክፍሉ አይደርስም። እንግዲህ አንድ ሰው ወደ ክፍሉ አስጠግቶት፣ ልጁ ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው መልሶታል ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ አልአዛር ታሰረ። አልአዛር እናትና አባቱ ከሞቱ ወዲህ እዚያው ቤት ከናሆም ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው። ካደገ በኋላ ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል አለፍ ብሎ ክፍል ተከራየ እንጂ ምሳና ራቱ እዚያው ነበር። ሁለቱ አብረው የኮምፒውተር ሱቅ ሊከፍቱ ሲሉ ተጣሉ፤ ጩኸታቸውን ጎረቤት ሰምቷል። ያን ምሽት ጀነሬተሩን ያስነሳው፣ ከናሆም ክፍል መጨረሻ የወጣውም እሱ ነው። ለክስ ይህ ይበቃል ተባለ።

ለኢንስፔክተር ዮዲት ግን አልበቃትም። ልጁን አስጠርታ ከፊቷ አስቀመጠችው።

«በልተሃል?»

«አልራበኝም።»

«ርቦሃል ወይ አላልኩም።» ዳቦ ወደሱ ገፋ አደረገች። «የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

«በሜሞሪ።»

ሳጅን ካሳሁን ከጥጉ ሳቅ አለ። «በሜሞሪ ሰው ይጣላል?»

«አንተ በኳስ ስንት ሰው ተጣልተሃል?» አለችውና ወደ ልጁ ዞረች። «እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ። አላውቅም ደግሞ።»

አልአዛር ዳቦውን በእጁ አገላበጠ። «ሜሞሪ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ይዞ የሚያቀብለው ዕቃ ነው። ከፋብሪካ ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ማስኬድ ይቻላል። ባጃጅ ነው ብለው ያስቡት። ፍጥነቱ የባጃጁ ሩጫ ነው። ታይሚንግ የምንለው ደግሞ ተሳፋሪ ለማውረድና ለመጫን የሚቆምበት ጊዜ። ሩጫው ሲጨመር መቆሚያው መርዘም አለበት፤ አለዚያ ተሳፋሪው ሳይወርድ ይነሳና ሰው ይጥላል። ያን ነው ስህተት የምንለው። እኔ ሩጫውን ነበር የምወደው፤ ደንበኛ የሚያየው ትልቁን ቁጥር ነው። ናሆም ‹በርረህ መጥተህ ፌርማታ ላይ ከተገተርክ ምን ዋጋ አለው› ይለኛል። የሱ ነገር ረጋ ብሎ ሄዶ ቶሎ መነሳት ነው።»

«ማን አሸነፈ?»

«ማንም። መሃል ላይ ተገናኘን። እኔ ከፍጥነቱ ቀነስኩ፣ እሱ መቆሚያውን አስረዘመ። ከሰዓት በኋላ ስንሞክረው አለፈ። እስኪነጋ ይፈተን አለና አስጀመረው። መብራት ስላልነበረ ጀነሬተሩን እዚያው አጥሩ ጥግ አስነሳሁለት። ዳመናውን ሳይ ሳይዘንብ ልድረስ ብዬ ሄድኩ።»

ዮዲት መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ያነሳውን የስክሪኑን ፎቶ አቀረበችለት። በፎቶው ጠርዝ የናሆም ክርን ይታያል። አልአዛር ክርኑን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ አነበበ።

«የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ስህተት… እስከ መጨረሻው ስህተት።» ግራ ገባው። «ይኼ እንዴት ይሆናል? ይኼ ቅንብር የሚሳሳተው ሲሞቅ ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ነው ያቆምነው፣ ሜሞሪው ትንሽ ሙቀት አይችልም። ናሆም መስኮቱን የማይዘጋው ለዚያ ነው። ያን ሌሊት ደግሞ ብርድ ነበር።»

«ፈተናው መሃል ላይ ተቋርጧል?»

«አልተቋረጠም። ጀነሬተሩ ለአፍታ ቢጠፋ ኖሮ ይህ ሁሉ ስክሪኑ ላይ አይገኝም ነበር።»

ዮዲት ፎቶውን መልሳ ተቀበለችው። ዳቦውን ይዞ ወደ እስር ክፍሉ እንዲመለስ ነገረችው።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘችው የፊት ለፊቱን ክፍል የተከራየውን ኃይለሚካኤልን ነው።

«በጀነሬተሩ ጩኸት ተጨቃጭቀሃል አሉ።»

«ተጨቃጭቄአለሁ፣ አልክድም። በዚህ ቤት ማሽኑ ፈተና ላይ ነው ከተባለ ድመቷ እንኳ ድምጿን ቀንሳ ነው የምትሄደው። ናሆም ነው ያስለመዳቸው። ፈተና ላይ ያለ ማሽን አይጠፋም፣ ጀነሬተሩም አይነካም። ያን ቀን ጠዋት አልቻልኩም፣ ላጠፋው ወጣሁ። ጋሽ ሽበሺ አጠገቡ ቆመው አገኘኋቸው። ‹አትንካው፣ ፈተና ላይ ነው› አሉኝ።»

«ምን ይመስሉ ነበር?»

«ጋቢያቸውን ተጠቅልለዋል። ፊታቸውን አላዞሩልኝም።»

«ጮኸው የወጡት ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ» አለ ቀስ ብሎ።

የናሆም ክፍል ግድግዳ ኖራ የተቀባ፣ ዝናብ ጭቃ የረጨበት አሮጌ ግድግዳ ነው። ከመስኮቱ ሥር ግን በጨርቅ የተወለወለ የሚመስል ንጹሕ ቦታ አለ። ዮዲት እጇን ወደ ላይ ሰድዳ የጣራውን ክፈፍ ከሥሩ ዳሰሰች። ጣቷ ጥላሸት ይዞ ወጣ። የወለወለው ሰው እዚያ ድረስ አልታየውም።

አቶ ሽበሺና ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቅዬ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአቶ ሽበሺ ቀኝ እጅ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ እስሩ ንጹሕ ነው፣ ዛሬም ተቀይሯል።

«እጅዎን ምን ሆኑ አባባ?»

«ማንቆርቆሪያ ነው። ሻይ ላፈላ ስል።»

ወይዘሮ ብርቅዬ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«እርስዎስ እትዬ፣ ዝናቡ ሲመጣ የት—»

«ተኝታ ነበር» አሉ አቶ ሽበሺ።

«ናሆም ራት በልቶ ነበር?»

አሁን ሴትዮዋ ራሳቸው መለሱ። «በልቷል። ‹ከአልአዛር ጋር ታረቅን እማዬ› አለኝ። ‹ዛሬ እንዳታስጠፉብኝ፣ ይኼ ካለፈ ሱቃችን ቆመ ማለት ነው› አለኝ።»

«ይህን ለፖሊስ ተናግረዋል?»

«የጠየቀኝ የለም።»

«አልአዛር የት እንዳለ ግን ያውቃሉ።»



በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዮዲት ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሳጅን ካሳሁን አልአዛርን ያለ ካቴና ይዞት ገባ። ልጁ ለወትሮው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ናሆምን የገደለው የጀነሬተር ጭስ ነው» አለች። «ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ጭሱ በየት ገባ? በመስኮቱ። ከመስኮቱ በላይ ጣራው ሥር ጥላሸት አለ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ግን ተወልውሏል። መቼ ገባ? ማሽኑ ራሱ ነግሮናል። መጀመሪያ ሲፈተን አልተሳሳተም፤ በኋላ ትኩስ ጭስ ሲነፋበት ይሳሳት ጀመር። እንግዲህ ጀነሬተሩ ወደ መስኮቱ የመጣው ፈተናው ከተጀመረ በኋላ፣ ዝናቡ ሲዘንብ ነው።»

«ታዲያ አልአዛር ተመልሶ መጥቶ ቢሆንስ?» አለ ኃይለሚካኤል።

«እኔም አስቤው ነበር። ነገር ግን ሜሞሪው ሙቀት እንደማይችል በዚህች ከተማ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው በሩ ላይ ቆሟል። ስንት ቀን የተጣላበትን ፈተና በገዛ እጁ አያበላሽም። ሊገድል የመጣ ሌላ ሰው ቢሆን ደግሞ ያን የሚያቃጥል ነገር አጥፍቶ በተሸከመው ነበር። ጀነሬተሩ ግን ሲመጣም ሲመለስም አልጠፋም። ፈተናው አንዴም አልተቋረጠም። ስለዚህ ያስጠጋው ሰው፣ ፈተና ላይ ያለ ማሽን እንደማይጠፋ ያውቃል፤ ሙቀት እንደሚያበላሸው ግን አያውቅም። ግማሹን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ግማሽ ደግሞ ናሆም ያስተማረው ለዚህ ቤት ነው።»

አቶ ሽበሺ ተነሱ። «እኔ ነኝ። ያስጠጋሁትም የመለስኩትም እኔ ነኝ።»

«የመለሱትም ግድግዳውን የወለወሉትም እርስዎ ነዎት። ጠዋት አጠገቡ ታይተዋል፣ የጭስ ማውጫው እጅዎን አቃጥሏል። በዚያም አደጋ የነበረውን ነገር ግድያ አስመሰሉት። ያስጠጋው ሰው ግን ሌላ ይመስለኛል። ስለ ራስዎ ስጠይቅዎት አስበው ይመልሳሉ። ስለ እትዬ ብርቅዬ ስጠይቅ ግን ጥያቄዬን አያስጨርሱኝም።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

«ሽበሺ፣ ተቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ብርቅዬ።

ድምፃቸው ከፍ አላለም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተናገሩ። «ዝናቡ ከጎን ይመታው ነበር። ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ልጄ አታስጠፉብኝ ብሎኛል። መያዣውን ይዤ ጎትቼ ጣራው ሥር፣ ከመስኮቱ አጠገብ አቆምኩት። በመስኮቱ አየኝ። እጁን አንስቶ ሳቅ አለልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ገብቼ ተኛሁ።»

አቶ ሽበሺ ፊታቸውን በታሰረው እጃቸው ሸፈኑ። «ስደርስ ቀዝቅዞ ነበር» አሉ። «ጀነሬተሩን እዚያ ሳየው ገባኝ። እሷ ሳታየው ብዬ አቅፌ ተሸከምኩት። ማጥፋት… አላውቅም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ፈተና ላይ ነበር። ‹ናሆም ራሱ መልሶት ነበር› ብዬ ነገርኳት። ያመነችኝ መስሎኝ።»

«እጅህን ያሰርኩት እኔ አይደለሁም?» አሉ ባለቤታቸው። «ስንኖር ሻይ አፍልተህ ታውቃለህ? ያን ቀን ገብቶኛል። ማወቄን እንዳታውቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እዚያው ፍራሽ ላይ አብረን እየተኛን፣ እኔ ላንተ፣ አንተ ለኔ።»

ኃይለሚካኤል ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ጋሼ» አለ አልአዛር። ያን ቀን የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «እስር ቤት ሆኜ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርስዎ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ‹ልጄ አልገደለም› ብለው ያስፈቱኛል ብዬ አልነበረም። ራት ይዘው ይመጣሉ ብዬ ነበር የምጠብቅዎት።»

«ዓይንህን ማየት አቃተኝ፣ ልጄ።»

«አንዱ ልጅዎ ሞተ። እኔን ለምን አሳልፈው ሰጡኝ?»

ወይዘሮ ብርቅዬ እጃቸውን ወደ ልጁ ዘረጉና መሃል ላይ ተዉት።

ዮዲት ጉሮሮዋን ጠረገች። «መዝገቡን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። እናት ለልጇ ብላ ያደረገችውን እንዴት እንደምጽፈው አውቃለሁ። አባባ፣ እርስዎ ነገ ቢሮ ይመጣሉ፤ የደበቁት ነገር ጥያቄ አለው። አልአዛር፣ አንተ ዛሬውኑ ትለቀቃለህ። ፈርመህ ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ።»

«ወደ የትኛው ቤት?» አለ አልአዛር።

መልሱን አልጠበቀም። ሳጅን ካሳሁን የያዘው ወረቀት ላይ ቆሞ ፈረመና ወጣ። አቶ ሽበሺ ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ተከተሉት። ዮዲት ከበሩ ላይ ሆና አየቻቸው። ልጁ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዞር ሳይል ይሄዳል፤ ሽማግሌው ከኋላ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ፣ እየተጠራ የማይሰማን ሰው እንደሚጠሩ ሆነው ስሙን ይላሉ። አልአዛር አልቆመም፣ አልመለሰላቸውምም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን እርምጃውን ቀነስ አደረገ፤ ሽማግሌ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ያህል ብቻ።