ከአንገት በታች አይጻፍም

ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ...

ቀን ሰባት ሰዓት ነው። ቻይና፣ ሁናን፣ የሐምሌ ሙቀት። ሰፈሩ በሙሉ የምሳ እንቅልፉን ይተኛል። እናታችን በወዲያኛው ክፍል ታንኮራፋለች።

እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሐብሐብ እበላለሁ። ታላቅ እህቴ ዪንሹ ኮምፒውተሯ ላይ ናት። ትምህርት ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ከእሷ በቀር የማወራው ሰው የለኝም።

ዪንሹ ኢንተርኔት ላይ የሁለት ወንዶችን ፍቅር ትጽፋለች። አንባቢዎቿ ሴቶች ናቸው፤ «እህቴ» ይባባላሉ። ለምን ስለ ወንዶች እንደምትጽፍ አንዴ ጠይቄያት ነበር።

«እዚያ ውስጥ ‹አንቺ ዝም በይ› የሚባል ሰው የለማ!» አለችኝ።

ያን ቀን የመጨረሻው ምዕራፍ ተቆለፈባት፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው አይችልም። የድረ ገጹ ሕግ ነው... ከአንገት በታች ያለ ገላ አይጻፍም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላስተካከለች የሦስት ዓመት መጽሐፏ በሙሉ ይሰረዛል።

«ምን ጽፈሽ ነው?»

«አንዱ የሌላውን ጀርባ ሲያጥብ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ጀርባውን ሰረዘችው። ላከች። ተቆለፈ።

ሸሚዟ ከኋላዋ ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ...

ማራገቢያው ነው አልኩ።

እጆቹን ሰረዘች። ላከች። ተቆለፈ።

«እትዬ፣ ቢላዋውን አቀብይኝ።»

«በምኔ?» አለች።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጅጌዎቿ በወንበሩ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ...

ስክሪኑ ላይ ግን ቃላቱ መሰረዛቸውን አላቆሙም።

«እትዬ... ተይው። ይጥፋ! መጽሐፍ እኮ ነው!»

«የኔ የምለው እሱን ብቻ ነው፣ አንተ ጅል። ዝም በል... ሊከፈት ነው።»

እግሮቹ ተሰረዙ።

ነጠላ ጫማዎቿ ወንበሩ ስር ለብቻቸው ቀሩ።

መጮህ ነበረብኝ። ግን ምንም አልተሰማኝም... ሐብሐቡን ማኘክ ቀጠልኩ።

«ተከፈተ» አለች በሹክሹክታ።

የአንባቢዎቿ አስተያየት ስክሪኑ ላይ ጎረፈ። «እህቴ፣ ደረስሽልን!» «እዚሁ ቢሮ እያለቀስኩ ነው፣ አለቃዬ ያፈጥብኛል!» ከዚያ አንዷ... «እህቶች፣ አንብቤ ስጨርስ ስልኩ ወደቀብኝ። ማንሳት አቃተኝ። እኔን ብቻ ነው?»

«እኔንም» አለች ሌላዋ።

«እኔንም...»

«እኔንም...»

እናታችን ከእንቅልፏ ነቅታ መጣች። ከዪንሹ ኋላ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አሁን ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሰይ! ዛሬስ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሆና ተቀመጠች!» አለች። ማበጠሪያ አንስታ ጸጉሯን ታበጥርላት ጀመር።

ዪንሹ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ከፊት ለፊታችን ያለው ሕንጻ መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። በየመስኮቱ ጠርዝ ላይ የሴት ፊት ተቀምጧል...

ሁሉም ወደ እኛ ያያሉ።

ከእያንዳንዱ ፊት ኋላ፣ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ጸጉር ያበጥራል።