ወይዘሮዋ የምትነሳበት ቀን

«ታኮ!» አለ ታውኖ፣ ጣቱን ወደ ኋላ ጎማ ቀስሮ። «መጀመሪያ ታኮ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ኢልታ ተንበርክካ ታኮውን ከጎማው ሥር አጠበቀች። ስንቴ እንደነገራት እሷም አታውቀውም፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ መናገር ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ሲነግራት ኖሯል። ዕለቱ የፊንላንዶች የፀደይ በዓል፣ የቫፑ ዋዜማ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ መንገዱ ደርቆ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ከጋራዥ አውጥቶ በከተማዋ አደባባይ ዙሪያ እየተንቀራፈፈ የሚነዳበት ቀን። የአያቷ የታውኖ ሰማያዊ መኪና ግን ከጥቅምት ጀምሮ ብርድ ልብስ እንደለበሰች ናት። ስሟ ወይዘሮዋ ነው። «መኪናዋ» ብሎ የጠራት ሰው ከታውኖ ጋራዥ ይባረራል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። የኢልታ እናት ኪርሲ እጇን አጣምራ በሩ አጠገብ ቆማለች። አባቷ ታውኖ ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት አብዝቷል። በአረጋውያን መኖሪያው አንድ ክፍል ተገኝቶለት ነበር፤ እሱ ግን «ከቤቴ የምወጣው በሣጥን ተሸክመውኝ ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ኪርሲ ቃል ገባችለት። ወይዘሮዋን አንዲት ነገር ሳይረሳ፣ ያለ አደጋ ካስነሳ፣ የበጋውን ወራት በቤቱ ያሳልፋል። ካልሆነ ሰኞ ዕቃው ይጫናል።

«በሩን ወለል አድርጊው» አለ ታውኖ። «የሞተር ጭስ ዝም ብሎ ነው የሚገድለው።»

«ጭሱ ቢምርህ የኪርሲ ዓይን አይምርህም» አለ ጎረቤቱ ራይሞ፣ የዘይት ሳህን ታቅፎ። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰዳደቡ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው።

«አንተ ዝም በል! ያንተዋ መኪና ከተነሳች እኮ ሰባት ዓመቷ ነው።»

ኢልታ ሳቀች። ኪርሲም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። አያትየው ዛሬ ሌላ ሰው ሆኗል። ትናንት የልጅ ልጁን ስም ሲፈልግ የነበረው ሽማግሌ፣ ዛሬ እጁ ራሱ መንገዱን ያውቃል። አይጥ እንዳይገባ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ የጎሰጎሰውን ጨርቅ መዝዞ አወጣ። «ሁለት አስገባሁ፣ ሁለት አወጣሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ ኪርሲ እንድትሰማው። የአየር ማጣሪያውን ከፍቶ ውስጡን በባትሪ መብራት አየ። ጎማዎቹን ነፋ። የፍሬኑን ፔዳል ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። ከዚያ በጥቅምት የተሠራው ሁሉ የተጻፈበትን፣ መሪው ላይ የተንጠለጠለውን ካርቶን አነበበ። «ቤንዚን፣ ተሞልቷል። ኩላንት፣ ተቀይሯል። ባትሪ፣ ወጥቷል።» እያንዳንዱ አጠገብ የራይት ምልክት አለ።

ኢልታ በልቧ «በለው አባባ!» አለች። ቀርቶ የነበረው ዘይቱን ማየት፣ ሞተሩን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈትቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር፣ ባትሪውን ማሰር ብቻ ነው። ከዚያ ቁልፉ።

ታውኖ የዘይት መለኪያዋን መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ መዘዘ። ለራይሞ ዘረጋለት።

«ምንድን ነው?» አለች ኪርሲ።

ራይሞ መለኪያዋን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞራት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። «ዘይት እኮ ተኝቶ አይወልድም» አለ፣ ግን ቀልዱ ለራሱም አልጣመው። መኪናዋ ሥር ገባና የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ላላ አደረገው። ሳህኑ ላይ መጀመሪያ የወረደው ዘይት አልነበረም። ውሃ ነው። ወፍራሙ ጥቁር ዘይት የመጣው ከሱ በኋላ ነው።

«ኩላንት እኮ አረንጓዴ ነው» አለ ራይሞ ከሥር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ። በረዶ ሆኖ ሞተሩን ከውስጥ ሰንጥቆታል። እዚህ ጎኑም ላይ ስንጥቅ አለ፣ ጣቴ ይገባበታል። ታውኖ፣ ወንድሜ... አልቆላታል።»

ኢልታ ያኔ ትዝ አላት።

በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። አያቷ «ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ኩላንት፣ ከዚያ ሞተሩን አሙቂው፣ ይዋሃድ» ብሏት ሊያርፍ ገባ። ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው ኩላንት ምድር ቤት ነው ያለው። ጓደኛዋ ሮሳ ደግሞ ውጭ ሞተር ሳይክሏን አስነስታ «ኧረ ላሽ በይ! ፋራ አትሁኚ!» እያለች ትጮኻለች። ኢልታ የአትክልት ማጠጫ ቱቦውን ራዲያተሩ ላይ ደቀነችና ሞላችው። የቀረውን ነገ እጨምራለሁ አለች። ካርቶኑ ላይም ራይት አደረገች። ነገ መጣ፣ አለፈ፣ በረዶም ጣለ።

ታውኖ እጆቹን ገልብጦ ያያቸዋል። «እኔ ነኝ» አለ። «ረስቼው ነው። ይህን የሚያህል ነገር... ኪርሲ፣ እውነትሽን ነው። ጭንቅላቴ ሄዷል።»

ኪርሲ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ኢልታ ተከተለቻት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ኩላንት ጨምሪ ብሎኝ ነበር። ሮሳ ስትጠራኝ ጊዜ... ራይቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አልረሳም!»

ኢልታ ጥፊ ጠበቀች፤ ጥፊ በመጣና በተገላገልኩ ብላም ተመኘች። እናቷ ግን እንጨት ክምሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ባለፈው ሳምንት ምድጃውን ሁለቴ ሳያጠፋ ተኝቷል» አለች። «በመጋቢት ደግሞ በካልሲ በረዶ ላይ ሲሄድ አግኝተው አመጡት። ስለ መኪና ብቻ እኮ አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ለምን ቃል ገባሽለት?»

«ብትነሳ ኖሮ ምክንያት አገኝ ነበር» አለች ኪርሲ፣ እንባዋ እየመጣ። «አንዲት ምክንያት። ለአንድ በጋ እንኳን።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ኢልታ ግን የፈራችው ቁጣን ነበር፤ የደረሰባት ከቁጣ የባሰ ነው። እናቷ ተነስታ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ደወለች። «አዎ፣ ሰኞ» ስትል ተሰማ።

ታውኖ ወይዘሮዋ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ኋላ ተቀምጧል። ራይሞ ሳህኑን አስቀምጦ ደህና ዋል ሳይል ሄዷል። ኢልታ በሌላው በር ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ፣ የሌሎቹ መኪኖች ጥሩንባ ይሰማል።

«አባባ፣ አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። ኩላንቱን ሳልጨምር ውሃ ብቻ ሞልቼ ሄድኩ። ከዚያ ዋሸሁህ።»

ሽማግሌው ዞረባት። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ውሃ ብቻ? በዚያ ሁሉ በረዶ? አንቺ... አንቺ ሰነፍ! አርባ አንድ ዓመት የጠበቅኋትን!» መሪውን በቡጢ መታው። ኢልታ አንገቷን ደፋች፣ እንባዋ ጉልበቷ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቡጢው ተፈታ። በረጅሙ ተነፈሰ፣ ትከሻውም ወረደ።

«እኔ አይደለሁም በይኛ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ መስሎኝ... ተመስገን። እኔ አይደለሁም።»

ኢልታ ቀና ብላ አየችው። ሞተሩን ሰንጥቃበት፣ ቤቱን አሳጥታው፣ እሱ ተመስገን ይላል። እጁን ያዘችው፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ግን ብርዱ መለስ ማለት ጀምሯል።

ታውኖ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከተተና አዞረው። ምንም የለም፤ ባትሪው እንኳን ገና አልታሰረም። እንደገና አዞረው።

«ለምንድን ነው የማትነሳው?» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። ወደ ኮፈኑ አየ፣ ወደ ሳህኑ አየ። ፊቱ ላይ ያ ፍርሃት ቀስ እያለ ተመለሰ። «የሆነ ነገር ረስቻለሁ አይደል? በጥቅምት የሆነ ነገር ረስቼ... ጭንቅላቴ...»

ከነገረችው አምስት ደቂቃ አልሞላም። እናቷ ስልኩን ጨርሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰምታለች፤ «ተዪው» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ኢልታ ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም። አያቷ ሰኞ ይጠይቃል። ማክሰኞም በአረጋውያን መኖሪያው ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ በነገረችው ቁጥርም እንደ አዲስ ይቆጣታል። ከትምህርት ቤት እስከዚያ አውቶቡሱ ሃያ ደቂቃ ነው።

ኢልታ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ወደ አያቷም ሙሉ በሙሉ ዞራ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ስማኝ። አንተ አይደለህም» አለች። «እኔ ነኝ።»